የሞተር ሙቀት እና የሂተር ችግር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ሲወጣ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ትንሽ ልድረስ» ብሎ ይነዳል፣ ወይ ወርዶ የራዲያተሩን ክዳን ይከፍታል። አንዱ ሞተሩን ያበላሻል፣ ሌላው ፊትና እጅን ያቃጥላል። ከታች ባሉት መልሶች ውስጥ ሂተሩን ደጋግሜ አነሳለሁ። ጋራዥ ከመድረስዎ በፊት ሞተሩ ውስጥ ያለው ውሃ እየተዘዋወረ መሆኑንና አለመሆኑን በቀላሉ የሚነግርዎ እሱ ስለሆነ ነው።

መንገድ ላይ ነኝ፣ መርፌው እየወጣ ነው። አሁን ምን ላድርግ?

እንፋሎት ገና ካልታየና መርፌው ከመሃል ጥቂት ከፍ ብሎ ከሆነ ኤሲውን ያጥፉ። ሂተሩን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርገው ነፋሹን በሙሉ ኃይል ይክፈቱ፣ መስኮቶቹንም ያውርዱ። በላብ ይታጠባሉ፤ ነገር ግን ወደ እርስዎ የሚነፍሰው ሙቀት ከሞተሩ የወጣ ነው። በተሽከርካሪ ሰልፍ ውስጥ ቆመው ከሆነ ማርሹን ፎሌ (ባዶ) አድርገው ነዳጁን በስሱ ይርገጡ። በአብዛኞቹ መኪናዎች የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ሞተሩ ራሱ ስለሆነ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ከሚገፋው የበለጠ ውሃ ይገፋል።

በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ መርፌው ካልተመለሰ፣ ቀዩን ከነካ፣ ወይም ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ከወጣ ዳር ይዘው ያጥፉ። እስከሚቀጥለው ማደያ የሚባል ነገር የለም። የአብዛኞቹ የዛሬ አውቶሞቢሎች ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። ከመጠን በላይ ሲግል ይጣመማል፣ በእሱና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ማለትም ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል። የአምስት ደቂቃ ጉዞ የአንድ ቱቦን ወጪ ወደ ሙሉ የሞተር ሥራ ይለውጠዋል።

ክዳኑን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አይንኩት። ሰዓቱም ቢያልፍ መጀመሪያ የራዲያተሩን የላይኛውን ወፍራም ቱቦ በጨርቅ ይዘው ጫን ያድርጉት። እንደተነፋ ጎማ ከጠጠረብዎ ውስጡ ገና ግፊት አለና ይጠብቁ። ሲለሰልስ ወፍራም ጨርቅ ደርበው፣ ፊትዎን ዞር አድርገው፣ ክዳኑን በመጀመሪያ እስከ አንደኛው ማቆሚያ ብቻ ያዙሩትና ይተንፍስ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጊዜ መገልበጥ ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ጊዜ ካለዎት ፈጽሞ እስኪበርድ ይተዉት።

ሂተሩ ከሞተሩ ሙቀት ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሂተሩ የራሱ እሳት የለውም። ከሞተሩ የወጣ ሙቅ ውሃ በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አድርጎ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ወደ ተቀመጠች አንዲት ትንሽ ራዲያተር ይሄዳል፣ ይመለሳልም። ነፋሹ በእሷ ላይ ሲነፍስ የሞቀው አየር ወደ እርስዎ ይደርሳል። ሞተሩም ሂተሩም የሚጠጡት አንድ ውሃ ነው። ይህ ከገባዎት የምርመራው ግማሹ አለቀ ማለት ነው።

መርፌው እየወጣ ሂተሩ ቀዝቃዛ አየር ከነፈሰ ውሃው ጎድሏል፣ ወይም ፓምፑ አይገፋም፣ ወይም መስመሩ ውስጥ አየር ተይዟል። ከሁሉም የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ወዲያውኑ ያጥፉ። መርፌው እየወጣ ሂተሩ የሚያቃጥል አየር ከሰጠ ግን ውሃ አለ፣ ይዘዋወራልም። ሙቀቱ ወደ ውጭ የሚወጣበት መንገድ ነው የተዘጋው ማለት ነው፤ ፋኑን፣ ራዲያተሩንና ያልተከፈተ ቴርሞስታትን (እንደ ሙቀቱ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የውሃ መንገድ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዕቃ) ይጠርጥሩ። መርፌው ከታች ተኝቶ ሂተሩም ለብ ካለ ደግሞ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ወይም ጨርሶ ተነቅሏል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ውሃው በሙሉ ከፈሰሰ የሙቀት መለኪያው ሴንሰር (የውሃውን ሙቀት የሚለካው ዕቃ) አየር ውስጥ ስለሚቀር መርፌው ሊወርድ ይችላል። ወጥቶ የነበረ መርፌ በድንገት ከወረደና ሂተሩም ከበረደ «ተመስገን፣ ተስተካከለ» አይበሉ። የከፋው ሰዓት ይህ ነው።

ስቆም ይግላል፣ ስነዳ ይወርዳል። ለምን?

መኪናዋ ስትሮጥ ነፋሱ የፋኑን ሥራ ይሠራለታል፤ ስትቆም ግን ከፋኑ ሌላ ረዳት የለም። ስለዚህ በቅድሚያ የሚጠየቀው ፋኑ ነው። ኤሌክትሪክ ፋን ባላቸው በአብዛኞቹ መኪናዎች ኤሲው ሲከፈት ፋኑ አብሮ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዙን፣ ከዚያም ሪሌውን (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ትንሽ ዕቃ) ይዩ። የጥሩምባው ሪሌ ተመሳሳይ ከሆነ ለደቂቃ አቀያይሮ መሞከር ምንም ወጪ የለውም።

ፋኑ ዞሮም ሙቀቱ ካልወረደ አንድ ወረቀት በራዲያተሩ ፊት ለፊት ያስጠጉ። ወረቀቱ ተስቦ መለጠፍ አለበት። ወደ ውጭ ከገፋው የፋኑ ሽቦ ተገላብጦ ታስሯል፣ በተቃራኒው ነው የሚዞረው። ይህ ስህተት ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ፋኑ ተቀይሮ ወይም ሽቦው ተነካክቶ ከሆነ በኋላ ነው፤ አይን አያየውም፣ ወረቀት ግን ይናገራል። እንደ ሃይስና አይሱዙ ባሉት ብዙዎች ላይ ደግሞ ፋኑ በቺንጋ (በሞተሩ ቀበቶ) ነው የሚዞረው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ፋኑን በእጅ ሲገፉት ሊከብድዎ ይገባል። እንደ መጫወቻ ብዙ ጊዜ ከተሽከረከረ መሃሉ ላይ ያለው ማያያዣ ሞቷል።

ፋኑ ሁልጊዜ እንዲዞር በቀጥታ ከባትሪ ጋር ማሰር እንደ መፍትሔ ይቀርብልዎታል። ለአንድ ቀን ቤት ያደርሳል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ግን የተበላሸውን ዕቃ ይደብቅብዎታል።

ሜዳ ላይ ደህና ነች፣ ዳገት ላይ ብቻ ትግላለች።

ይህ በአብዛኛው የራዲያተሩ አቅም ጉዳይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወረዳል፣ ከዚያ በበረሃው ሙቀት ውስጥ ያንኑ ያህል በከባድ ማርሽ ይወጣል። ሞተሩ ብዙ ሙቀት ያመነጫል፣ መኪናዋ ግን ቀስ ብላ ስለምትሄድ ነፋስ አታገኝም። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ራሱ እየሳሳ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። ግማሹ የተደፈነ ራዲያተር ከተማ ውስጥ ችሎ ይውልና እዚህ ይጋለጣል።

ሞተሩ ከጠፋና ፋኑም መቆሙ ከተረጋገጠ በኋላ (ኤሌክትሪክ ፋን ሞተሩ ጠፍቶም ሊነሳ ስለሚችል ገመዱን ይንቀሉት) የራዲያተሩን ፊት ከላይ እስከ ታች በመዳፍዎ ይዳስሱ። ሙቀቱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ እያለ መቀነስ አለበት። መሃል ላይ ድንገት ቀዝቃዛ ቦታ ካገኙ በዚያ በኩል ውሃ አያልፍም። ከውጭም ያለውን ይዩ፤ በኤሲው ራዲያተርና በውሃው ራዲያተር መካከል የሚከማቸው አቧራ፣ ገለባና የነፍሳት ክንፍ አንዳንዴ እንደ ጨርቅ ተጋግሮ ይገኛል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀስታ ውሃ ይታጠባል። ኃይለኛ የላቫጆ ግፊት ስስ ክንፎቹን ስለሚያጣጥፋቸው አይጠቀሙ።

አዲስ አበባ ላይ መኪናዬ ትፈላለች፣ ዕቃው ሁሉ ግን ደህና ነው ተባልኩ።

ክዳኑን ቀይረዋል? ከሁሉም ዕቃ በዋጋ የምታንሰው እሷ ናት፣ ከሁሉም የምትረሳውም እሷ ናት።

ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህን ባቄላ የምትቀቅል እናት ሁሉ ከእኛ በፊት ታውቀዋለች፤ ደጋ ላይ እህል ቶሎ አይበስልም። ጤነኛ ሞተር ደግሞ በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚሠራው፤ ሰልፍ ውስጥ ፋኑ እስኪነሳ ድረስ ከዚያም ያልፋል። እንግዲህ ሞተሩ በልኩ እየሠራ ውሃው ሊፈላ ነው ማለት ነው። ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው የክዳኑ ስፕሪንግ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ያገኛሉ፤ ስፕሪንጉ የሚይዘው ግፊት ነው። ግፊቱ በትክክል ከተያዘ ውሃው በከተማችንም ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። የስፕሪንጉ ጉልበት ካለቀ ወይም የክዳኑ ላስቲክ ከተሰነጠቀ ግን ምንም ሌላ ብልሽት የሌለባት መኪና ትፈላለች። ባሕር ዳርቻ ላይ የዚህ ክዳን ድክመት ምናልባት ዓመት ተሸፍኖ ይቆይ ነበር፤ እዚህ ግን አይሸፈንም።

ሲቀይሩ ያው ቁጥር ያለውን ይግዙ። «ጠንከር ያለው ይሻላል» ተብሎ ከፍ ያለ ቁጥር ማሰር ያረጁ ቱቦዎችንና የሂተሩን ራዲያተር ያፈነዳል።

መካኒኩ ቴርሞስታቱን እንንቀለው፣ ለእኛ ሀገር አያስፈልግም አለኝ። ልስማማ?

አይስማሙ። በዚህ ጉዳይ ላይ ለዘብ ማለት አልችልም።

አንድ ጊዜ ያገለገለች ኮሮላ ገዝቼ በታኅሣሥ ማለዳ ከደብረ ብርሃን ተነሳሁ። ሂተሩን ከፈትኩት፣ ነፋሱ እንደ ውጭው ነው። ግማሽ ሰዓት ነድቼም መርፌው ከታችኛው መስመር አልተላቀቀም። የፊት መስታወቱ በእስትንፋሳችን ጭጋግ ለብሶ ጎኔ የተቀመጠው ወንድሜ በጋቢው ጫፍ ይጠርግልኛል፣ ወዲያው ይመለሳል። ከጣርማ በር በፊት ዳር ይዤ ቆምኩ፤ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ሳያዩ መንዳት አይሞከርም። በኋላ ሲፈታ የቴርሞስታቱ ቤት ባዶ ነበር። የቀድሞው ባለቤት ሙቀት ሲያስቸግረው ተነቅሎለታል፣ ሙቀቱን ያመጣው የተደፈነ ራዲያተር ግን እዚያው ነበር።

ቴርሞስታት ሞተሩ በፍጥነት ወደ ሥራ ሙቀቱ እንዲደርስና እዚያው እንዲቆይ ያደርጋል። ሲነቀል ሞተሩ እየበረደ ስለሚሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል፣ ሂተሩም ይሞታል። በዚህ ላይ ብዙ ቶዮታዎችን ጨምሮ በበርካታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት የአቋራጩን መስመር ይዘጋል። ሲነቀል ያ መስመር ተከፍቶ ስለሚቀር ከሙቅ ውሃው የተወሰነው ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ዳገት ላይ ሙቀቱ እንዲያውም ሊብስ ይችላል።

ደህና መሆኑን ማየት ከፈለጉ በክር አንጠልጥለው፣ የድስቱን ግርጌ ሳያስነኩ ውሃ ውስጥ ያፍሉት። ላዩ ላይ 82 ወይም 88 የሚል ቁጥር ተቀርጿል፤ መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ድስቱ ከ92 ስለማያልፍ 88 የተጻፈበት በጥቂቱ ብቻ ነው የሚከፈተው። ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ብለው ደህናውን እንዳይጥሉት።

መርፌው ደህና ነው፣ ሂተሩ ግን አያሞቅም።

በመጀመሪያ ሞተሩ በርዶ እያለ የውሃውን መጠን በራዲያተሩ በኩል ይዩ። መጠባበቂያው ፕላስቲክ ሞልቶ ራዲያተሩ ጎድሎ ሊገኝ ይችላል። ውሃው ልክ ከሆነ ሞተሩን አሙቀው ከሞተሩ ክፍል ወደ ጋቢና የሚገቡትን ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይንኩ፣ እንዳያቃጥልዎ በጥንቃቄ። ሁለቱም ከጋሉ ውሃው ደርሷል፤ ችግሩ አየሩን ወደ ሙቅ ወይም ወደ ቀዝቃዛ የምትመራው በር ወይም ገመዷ ነው። አንዱ ግሎ ሌላው ከበረደ የሂተሩ ራዲያተር ተደፍኗል፣ ወይም መክፈቻው አልተከፈተም። ሁለቱም ለብ ካሉ ወደ ቴርሞስታቱ ይመለሱ።

ሞቅ ብሎ መልሶ የሚበርድ፣ ሲነዱ የሚሞቅ፣ ሲቆሙ የሚበርድ ሂተር ደግሞ ብዙ ጊዜ መስመሩ ውስጥ አየር መኖሩን ወይም ውሃ መጉደሉን ይናገራል። መኪናዋን በአፍንጫዋ ዳገት ላይ ያቁሙ፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ ያድርጉ፣ በቀዝቃዛው ክዳኑን ከፍተው ሞተሩን ያስነሱና አረፋው እስኪያልቅ ቀስ እያሉ ይሙሉ። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ድንገት ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ጨምረው ይዝጉት። ማስተንፈሻ ቡሎን ያላት መኪና ከሆነች በእሱ ያስተንፍሱ።

መስታወቱ ላይ ቅባት የመሰለ ጭጋግ ይይዛል፣ ጣፋጭ ሽታም አለ።

የሂተሩ ራዲያተር እያፈሰሰ ነው። በጋቢናው በኩል ምንጣፉን አንስተው ይዳስሱ፣ ይረጥባል። ሁለቱን ቱቦዎች እርስ በርስ አገናኝቶ ሂተሩን መዝጋት የተለመደ ነው፣ ለጊዜውም ጉዳት የለውም። ሆኖም ክረምት ላይ መስታወት የሚያደርቀው እሱ ነውና ሳይረሱ ያሠሩት።

ውሃ በየሳምንቱ እጨምራለሁ፣ የሚፈስበት ግን አይታይም።

የማይታይ ፍሳሽ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በጋለ ብረት ላይ እየተንጠባጠበ የሚተን ነው፤ ሲደርቅ ነጭ ወይም አረንጓዴ ጨው የመሰለ ምልክት ይተዋል። የውሃ ፓምፑን የታችኛውን ቀዳዳና የቱቦ መያዣዎችን ይፈልጉ። ሁለተኛው ወደ ሞተሩ ውስጥ የሚገባው ነው፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን። ሲነሳ የማይጠፋ ነጭ ጭስ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ሳያቋርጥ የሚወጣ አረፋ፣ ሌሊቱን አድሮም የጠጠረ የላይኛው ቱቦ፣ ዘይት መለኪያው ላይ ማኪያቶ የመሰለ ቀለም ካዩ ወደዚያ ይጠርጥሩ። ከዘይት ክዳኑ ስር ብቻ የሚታይ ትንሽ ነጭ አረፋ ግን አጭር አጭር ርቀት በሚነዳ መኪና ላይ ከብርድ እርጥበትም ይመጣልና በእሱ ብቻ ቴስታታ አያስፈቱ። ከመፈታቱ በፊት በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረግ የፈሳሽ ምርመራ ይጠይቁ፤ ከሞተሩ የወጣ የተቃጠለ ጋዝ ካገኘ ሰማያዊው ፈሳሽ ወደ ቢጫ ይለወጣል።

ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽ መጀመሪያ የሚደፍነው ጠባቡን መንገድ ነው። ጠባቡ መንገድ ደግሞ የሂተሩ ራዲያተር ነው።

ቪትዜ የሙቀት መርፌ የላትም። በምን ልወቅ?

ሰማያዊ መብራት ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ይበራል፣ ሲሞቅ ይጠፋል። ቀይ ከሆነ ከመጠን በላይ ግሏል፣ ወዲያው ይቁሙ። ሩብ ሰዓት ነድተው ሰማያዊው ካልጠፋ ቴርሞስታቱ መኖሩን ያስፈትሹ። መርፌ ባለመኖሩ ሂተሩን በየጊዜው ከፍቶ መፈተሽ ለቪትዝ ነጂ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ኩላንት (ከውሃ ጋር የሚቀላቀለው የራዲያተር ፈሳሽ) ውድ ነው፣ የቧንቧ ውሃ ብቻ ብሞላስ?

መንገድ ላይ ሌላ ከጠፋ ይሙሉ፣ ሞተር ያለ ውሃ ከሚሄድ ይሻላል። እንደ ቋሚ ልማድ ግን የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ውስጡ ያለው ማዕድን ይጋገራል፣ ብረቱም ይዝጋል፤ ሲቀዳ ቡናማ ሆኖ የሚወጣው ያ ዝገት ነው። ኩላንት ከዝገት ይጠብቃል፣ የመፍያ ነጥቡንም ከፍ ያደርጋል። ቀለም ዓይነቱን በእርግጠኝነት አይነግርምና አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር በግምት አይቀላቅሉ፤ የመኪናውን መጽሐፍ ይከተሉ።

ሚኒሶታ፣ ዴንቨር ወይም ዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁ ይህ ከገንዘብም በላይ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ያድጋል፣ የሞተሩንም አካል ይሰነጥቃል። ግማሽ ኩላንት ከግማሽ የተጣራ ውሃ ጋር ሲቀላቀል እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ አይረጋም። በበጋ ጎድሎ ውሃ ብቻ ጨምራችሁ ከሆነ ብርዱ ሳይገባ አስለኩት።

ኩላንት ይጣፍጣል፣ መርዝም ነው። በሳህን የተቀዳውን ግቢ ውስጥ አይተዉ፤ ልጅና ውሻ ይጠጡታል።

ጋራዥ ስሄድ ምን ልበል?

«ሙቀት አለባት» ብቻ አይበሉ። መቼ እንደምትግል (ቆማ፣ ዳገት ላይ፣ ወይስ ሁልጊዜ)፣ ያን ጊዜ ሂተሩ ሙቅ ይነፍስ ወይስ ቀዝቃዛ፣ በሳምንት ምን ያህል ውሃ እንደምትጨምሩ ይንገሩ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ በእጃችን ያለው ሞተር በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ቴስታታ ከተፈታ ቶርኖ ቤት ሄዶ ቀጥ ማለቱ በመለኪያ መታየቱን ይጠይቁ፤ ሳይታይ በአዲስ ጓርኒሲዮን ከታሰረ በወሩ ይመለሳል። የወጣውን አሮጌ ዕቃ በእጅዎ ይቀበሉ። መኪናዋን ሲረከቡ ደግሞ ሂሳብ ከመክፈልዎ በፊት ሞተሩን አስነስተው ሂተሩን ሙቅ ላይ ያድርጉና እጅዎን ማስተንፈሻው ላይ አድርገው ይጠብቁ።